ሯጩ ማን ይባል?

«ሰላም» የሚለው ቃል ከጁባው ኮኞ ኮኞ ገበያ እስከ አዲስ አበባው መርካቶ ድረስ አስተርጓሚ ሳያሻው የሚጓዝ ቃል ነው። በዐረብኛም በአማርኛም ፍቺው አንድ ነው። ደቡብ ሱዳናዊው የቪዲዮ ጨዋታ ፈጣሪ ሉዋል ማየን ሥራውን «ሰላም» ብሎ ሲሰይመው አማርኛ ተናጋሪ ጎረቤቶቹን አስቦ ባይሆንም፣ ስሙ ከአማርኛ አንባቢ ቤት ሳያንኳኳ ይገባል።

የሉዋል ታሪክ ከጨዋታው ይቀድማል። ቤተሰቡ ከቦር በጦርነት ተፈናቅሎ ወደ ሰሜን ኡጋንዳ በእግሩ ሲጓዝ እርሱ በመንገድ ላይ ተወለደ። በዚያው ጉዞ ሁለት እኅቶቹ ሞተዋል። ሃያ ዓመት ያህል የኖረው በስደተኞች መጠለያ ውስጥ ነው። ኮምፒውተር የሚባለውን ዕቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየውም በ2007 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በስደተኞች መመዝገቢያ ጣቢያ ነበር። ያየውን ዕቃ እንደሚፈልግ ለእናቱ ሲነግራት እናቱ አልሳቀችበትም። ሦስት ዓመት አጠራቅማ 300 ዶላር አስቀመጠችና ላፕቶፕ ገዛችለት። በመጠለያው ኤሌክትሪክ ስላልነበረ ልጁ ባትሪውን ለመሙላት ሦስት ሰዓት በእግሩ እየሄደ ኢንተርኔት ካፌ ይደርስ ነበር። አንዲት ስደተኛ እናት 300 ዶላር ለማጠራቀም ከምን ከምን ላይ እንደቀነሰች መገመት ለጁባ ነዋሪ አይከብደውም።

በዚያ ላፕቶፕ ላይ ያገኘው የመጀመሪያ ጨዋታ «ግራንድ ቴፍት አውቶ፡ ቫይስ ሲቲ» የተባለው፣ መኪና መዝረፍና መተኮስ የሞላበት ጨዋታ ነበር። ጥይት ያሳደደው ልጅ ተኩስን እንደ መዝናኛ ሲያየው አንድ ሐሳብ መጣለት፦ ይህ መሣሪያ ሰውን ይህን ያህል የሚይዝ ከሆነ ለሰላም ቢውልስ? «ሰላም» የተወለደው ከዚህ ሐሳብ ነው። ተጫዋቹ ከጦርነት የሚሸሽ ስደተኛ ይሆናል፤ ይሮጣል፤ ውኃና ምግብ ይፈልጋል፤ ጉልበቱ ይደክማል። ሯጩ ኃይል ሲያልቅበት ተጫዋቹ በእውነተኛ ገንዘብ ውኃ ወይም ምግብ ይገዛለታል፤ ገንዘቡም በእርዳታ ድርጅት በኩል በእውነተኛ መጠለያ ለሚኖር ስደተኛ እንዲደርስ ታስቧል። ሉዋል በ2017 ወደ ዋሽንግተን ሄዶ «ጁኑብ ጌምስ» የተባለውን ድርጅት አቋቋመ፤ «ጁኑብ» በዐረብኛ «ደቡብ» ማለት ነው። በዲሴምበር 2018 በታላቁ ዓመታዊ የጌም ሽልማት ሥነ ሥርዓት መድረክ ላይ ቆሞ ሲሸለም፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ተመልካቾች ስለ አንድ የስደተኛ መንገድ ሰሙ።

አሁን ጥያቄው ይነሣል። ዘመኑ ጌም ሁሉ ፊልም የሚሆንበት ዘመን ነው። በተለይ ጃፓኖች አኒሜ በሚሉት የሥዕል ፊልም ስልት፣ ከጨዋታ የተቀዱ ተከታታይ ድርሰቶች በየዓመቱ ይወጣሉ። የጁባ ወጣትም በስልኩ ይከታተላቸዋል። እንግዲያስ «ሰላም» አንድ ቀን አኒሜ ቢሆን ምን ይሆናል? እስካሁን እንዲህ ያለ ሥራ ባይታይም፣ ጥያቄው ራሱ ጨዋታውንም አገሩንም ለመመርመር ይረዳል።

ጨዋታና ፊልም አንድ ታሪክ ቢናገሩም አነጋገራቸው የተለያየ ነው። አያቶች ተረት ሲጀምሩ «ተረት ተረት» ይላሉ፤ ልጆቹ «የላም በረት» ብለው ካልመለሱ ተረቱ አይንቀሳቀስም። ጨዋታ ይህን ምላሽ ወደ ጣት ጫፍ አውርዶታል፤ ተጫዋቹ ጣቱን ካላንቀሳቀሰ ሯጩ ይቆማል። ፊልም ግን ተመልካቹ ቢመልስም ባይመልስም፣ ቢተኛም እንኳ፣ ይቀጥላል። ስለዚህ ጨዋታን ወደ ፊልም የሚያሻግር ሰው በመጀመሪያ የሚገጥመው ችግር ተጫዋቹ ተነሥቶ የሄደበት ባዶ ወንበር ነው። በዚያ ወንበር ላይ ማንን ያስቀምጥ?

ጃፓኖች ይህን ችግር የፈቱበት መንገድ ትምህርት አለው። «ፖኬሞን» በ1996 ጌም ሆኖ ሲወጣ ዋናው ልጅ ንግግር አልነበረውም፤ ስሙንም ተጫዋቹ ራሱ ይጽፍለት ነበር። የቶኪዮ ልጅ የራሱን ስም ጽፎ ራሱ ይጓዛል። በኤፕሪል 1997 ታሪኩ ወደ ቴሌቪዥን ሲሻገር ግን ስም የሌለው ልጅ በየሳምንቱ ሊታይ አይችልም። ስለዚህ ከጨዋታው ፈጣሪ ከሳቶሺ ታጂሪ ስም ተወስዶ «ሳቶሺ» ተባለ፤ ሌላው ዓለም «አሽ» ብሎ ያውቀዋል። በጨዋታው ከነበሩት 151 ፍጥረታት መካከል አንዷ ብቻ የነበረችው ቢጫዋ ፒካቹ ጓደኛው ሆና ተመረጠች። የፊልሙ ምርጫ ተመልሶ ጨዋታውን ለወጠው፤ በ1998 በወጣው ቢጫ ቅጅ ፒካቹ እንደ ቴሌቪዥኑ ሁሉ ከተጫዋቹ ኋላ ኋላ መከተል ጀመረች። ሳቶሺም ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ የዐሥር ዓመት ልጅ እንደ ሆነ ኖሮ፣ በ2022 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2023 ደግሞ ቦታውን ለሌሎች ልጆች ለቀቀ። ይህ ሁሉ የመጣው ለአንድ ባዶ ቦታ ስም ከመስጠት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ጨለም ይላል። «ሳይበርፐንክ 2077» የተባለው የፖላንድ ጨዋታ በዲሴምበር 2020 ሲወጣ ስሕተት ስለበዛበት ሶኒ ከመሸጫው እስከ ማንሣት ደርሶ ነበር። በዚህም ጨዋታ የዋናውን ሰው መልክ፣ ጾታና አመጣጥ የሚወስነው ተጫዋቹ ነው። በሴፕቴምበር 2022 ትሪገር የተባለው የጃፓን ስቱዲዮ ዐሥር ክፍል ያለው አኒሜ ሲሠራለት፣ ባዶውን ወንበር ለመሙላት አልሞከረም፤ ይልቁንም በዚያው ከተማ የሚኖር ዴቪድ ማርቲኔዝ የተባለ ሌላ ወጣት ፈጠረ። እናቱ ደፋ ቀና ብላ የምታስተምረው የድኻ ልጅ ነው። በመጨረሻም ይሞታል። ፊልሙን ያዩ ብዙዎች ጥለውት ወደነበረው ጨዋታ ተመለሱ፤ ግን የተመለሱት ዴቪድ ወደሌለበት ከተማ ነበር።

ሞት በጨዋታና በፊልም አንድ አለመሆኑ እዚህ ላይ ይታያል። በጨዋታ የሞተ ሰው አንድ ቁልፍ ሲነካ ይነሣል፤ ሞት የመማሪያ ዋጋ ነው። በፊልም የሞተ ግን ሞቷል። በመንገድ ላይ ሁለት እኅቶቹን ላጣ ሰው ይህ ልዩነት የኪነ ጥበብ ክርክር ብቻ አይደለም። ሯጩ ሲወድቅ እንደገና የሚነሣበት ጨዋታ ስለ ስደት የሚናገረው ነገር ብዙ ቢሆንም፣ አንድ ነገር ግን አይችልም፤ ያልተነሡትን ማሳየት አይችልም። አኒሜው ከጨዋታው የሚበልጥበት አንዱ ስፍራ ይህ ነው።

እንግዲህ ወደ ስሙ እንመለስ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። በጁባ ግን መልአኩ ስም ከማውጣቱ በፊት ቆም ብሎ ማሰብ ይኖርበታል። ሯጩ ጋትሉዋክ ከተባለ ተመልካቹ ኑዌር ነው ይላል። ዋኒ ከተባለ ባሪ ነው ይላል። ዴንግ ከተባለ አብዛኛው ሰው ዲንቃ ነው ብሎ ይደመድማል። ከዚያ በኋላ ሯጩ ማን እንደሆነ ብቻ ሳይሆን የሚሸሸው ከማን እንደሆነም ይጠየቃል። በጨዋታው ውስጥ ይህ ጥያቄ አይነሣም፤ ሯጩ ስልኩን የያዘው ሰው ነውና፣ የቶኪዮ ልጅ ቢይዘው ጃፓናዊ፣ የባሕር ዳር ልጅ ቢይዘው ኢትዮጵያዊ ይሆናል። ጨዋታው ከጎሣ ነጻ የሆነው በብልሃት ብቻ ሳይሆን በባሕርዩም ነው።

ሥዕሉም እንዲሁ ያስቸግራል። የአኒሜ ሠዓሊ ፊት ሲስል ከዓይን ቀጥሎ የሚያገኘው ግንባር ነው። በኑዌር ባህል ለአካለ መጠን የደረሰ ወንድ ግንባሩ ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ የሚዘልቁ ስድስት ትይዩ መስመሮች ይቀረጹበት ነበር፤ በአንዳንድ የዲንቃ ወገኖች ዘንድ ደግሞ ወደ ቅንድብ መሐል የሚወርዱ ጫፋቸው የተገናኘ መስመሮች ይታያሉ። የዛሬ ወጣት ብዙው ግንባሩን ሳያስቀርጽ ያድጋል። ሆኖም ሠዓሊው እርሳሱን ሲያነሣ ወይ ይስላል ወይ ይተዋል፤ መሐል ላይ የሚቆምበት ስፍራ የለውም። መስመሩን ቢተወውም ነገር ነው፤ «ግንባሩ ለምን ጠራ?» የሚል አይጠፋም።

ይህ ከልክ ያለፈ ጥንቃቄ የሚመስለው ካለ የ2013ን ዲሴምበር ያስታውስ። በጁባ ውጊያ ሲፈነዳ ሰዎች በብሔራቸው እየተለዩ መገደላቸውን የአፍሪካ ኅብረት ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን መዝግቦታል። በዚያ ሰሞን ስምና ግንባር የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነበሩ። የሰላሙ ስምምነት በሴፕቴምበር 2018 አዲስ አበባ ላይ ከተፈረመ በኋላ ለጊዜው ብዙ ነገር ረግቦ የነበረ ቢሆንም፣ ስም ሲጠራ ጆሮ ማቆሙ ገና አልቀረም። የአማርኛ አንባቢ ይህን ለመረዳት የሌላ ሰው ምስክርነት አያሻውም፤ በገዛ አገሩም ስም ከነአባት ሲጠራ ስንት ነገር እንደሚነገር ያውቃል። የሚገርመው ግን ያው ሰው ድንበር ተሻግሮ ጁባ ሲገባ፣ ሱቅ ቢከፍት ወይም ምግብ ቤት ቢያቋቁም፣ ደንበኛው ሁሉ «ሐበሻ» ብሎ ይጠራዋል። ከጎንደር ይምጣ ከወለጋ፣ ከመቀሌ ይምጣ ከሐዋሳ፣ ሁሉም ሐበሻ ነው። አንዳንዱ ይህን ስም እንደ ዕረፍት ይቀበለዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ማንነቴ ተዋጠ ብሎ ቅር ይለዋል። ስም አልባ ሯጭም እንዲሁ ለአንዱ ዕረፍት፣ ለሌላው መዋጥ ነው።

አንዱ መውጫ እንስሳት ናቸው። አዲስ አበባ የሚገኘው ቅኔ ጌምስ በ2018 ያወጣው «ኩኩሉ» እንዲሁ የሩጫ ጨዋታ ነው፤ ሯጯ ግን ሊያርዳት ከሚያባርራት ጌታዋ የምታመልጥ ዶሮ ናት። ሁለቱ ጎረቤት አገሮች ስማቸው ከተሰማላቸው ጨዋታዎች መካከል እነዚህ ሁለቱ የማምለጥ ጨዋታዎች መሆናቸው ያስፈግጋል፤ አንዲቱ ከበዓል ድስት፣ አንዱ ከጥይት። ኩኩሉ የማን ወገን ናት ብሎ የሚጠይቅ የለም። ብዙ የኢትዮጵያ ልጆች ፊደል የቆጠሩባት የቴሌቪዥኗ ፀሐይም ቀጭኔ ናት፤ ቀጭኔ በመሆኗም የየትኛውም ክልል ልጅ የኔ ናት ሊላት ይችላል። ፖኬሞንም ቢሆን ዓለምን የዞረው በሳቶሺ ሳይሆን ከስሟ በቀር ሌላ ቃል በማትናገረው ፒካቹ ጀርባ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ነገር ግን «ሰላም»ን የእንስሳት ታሪክ ማድረግ ዕዳን መሸሽ ነው። ዶሮ ስደተኛ ካርድ አታወጣም። በመጠለያ በር ላይ ተሰልፋ ስሟን አስመዝግባ ራሽን አትቀበልም። ስደተኛ ግን መጠለያ ሲደርስ በመጀመሪያ የሚጠየቀው ስሙን ነው፤ ሉዋል ያችን የመጀመሪያ ኮምፒውተር ያየው ስም በሚመዘገብበት ጠረጴዛ ላይ መሆኑንም ማስታወስ ይገባል።

ቋንቋውስ? የአኒሜ ወዳጆች ገጸ ባሕርያቱ ጃፓንኛ ሲናገሩ ለምደዋል። በነጭ ዓባይ ዳር የሚሸሽ ልጅ በጃፓንኛ እናቱን ሲጣራ መስማት ለጊዜው ያስቃል፤ ሆኖም ቃና ቴሌቪዥን ከ2016 ጀምሮ የኢስታንቡልን ሰው በአማርኛ ሲያስለቅስ ተመልካቹ በሳምንት ውስጥ ለምዶታል። ለሥራው የሚስማማው ግን የጁባ ዐረብኛ ነው። ከገበያ፣ ከወታደር ሰፈርና ከመንገድ የተወለደ፣ ማንም የብሔሬ ቋንቋ ብቻ ነው ብሎ አጥሮ የማይይዘው መግባቢያ ነው። እንግሊዝኛው የመንግሥት ነው፤ የእናት ቋንቋው የየቤቱ ነው፤ የጁባ ዐረብኛ ግን የመንገዱ ነው። ታሪኩም የመንገድ ታሪክ ነው።

ለስሙም ጥያቄ መልሱ ከዚሁ ከመንገዱ የሚገኝ ይመስላል። የሩጫ ጨዋታ በባሕርዩ የሚችለው አንድ ሯጭ ነው፤ አንድ ጣት አንድ ሰው ያስሮጣል። ነገር ግን ከቦር እስከ ኡጋንዳ ድንበር ብቻውን የሄደ ማነው? በ1980ዎቹ ወደ ኢትዮጵያ የተሻገሩት፣ በኢታንግና በፒኙዶ መጠለያዎች የኖሩት፣ በ1991 ደግሞ ወደ መጡበት የተመለሱት ልጆች በቡድን በቡድን ነበር የሚጓዙት። ከእነርሱ መካከል አማርኛውን እስከ ዛሬ ያልረሱ፣ ይህን ገጽ ሳይቸገሩ ሊያነቡ የሚችሉ በጁባ አሉ። ተከታታይ ፊልም ጨዋታው ያልቻለውን የሚችለው እዚህ ላይ ነው፤ መንገዱን በሰው ሊሞላው ይችላል። ሳቶሺ ብቻውን አልተጓዘም፤ ከጎኑ ጓደኞች ነበሩት። ዴቪድም ሕይወቱ የተቃናውም የጠፋውም በቡድን መካከል ነው።

ስለዚህ ሯጩን ስም መንፈግ አይገባም። ይልቁንም እውነተኛ ስሙን ይያዝ፣ ግንባሩም እንዳለ ይሣል፤ ግን ከጎኑ ሌላ ስምና ሌላ ግንባር ያለው ልጅ አብሮት ይሩጥ። በአንዱ ክፍል ጋትሉዋክ ውኃ ያግኝ፣ በሚቀጥለው ዋኒ መንገዱን ያሳይ፤ በሌላው ደግሞ ከሁለቱ አንዱ በሌላው ላይ ይከዳ፤ ይህም ሆኗልና። ተመልካቹ የትኛው የእኔ ነው ብሎ ይጀምር ይሆናል፤ በስድስተኛው ክፍል አንደኛው ሲወድቅ ግን የማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ያዝናል። ይህ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም፤ ደካማ ደራሲ ከሁሉም ወገን አንድ አንድ ሰው ሰብስቦ የመንግሥት በዓል ትርኢት ያደርገዋል። ልጆቹ የብሔር እንደራሴ ሆነው ሳይሆን አንዱ ሆዳም፣ አንዱ ፈሪ፣ አንዷ ቀልደኛ ሆነው መታየት አለባቸው።

ከጨዋታው ወደ ፊልሙ ሲሻገር የሚጠፋም አለ፤ እርሱም ውኃው ነው። በ«ሰላም» ጨዋታ ሯጩ ሲጠማ ተጫዋቹ ከኪሱ ያጠጣዋል። ይህ የጨዋታው ልብ ነው። ፊልም ተመልካች ግን ለተጠማ ልጅ ከማዘን በቀር የሚያደርገው የለውም፤ ያዝናል፣ እንባውን ይጠርጋል፣ ቀጣዩን ክፍል ይከፍታል። ስለ አፍሪካ ስደተኛ የተሠሩ ብዙ ፊልሞች ይህን ያህል ብቻ አድርገው አልፈዋል። «ሰላም» አኒሜ ቢሆን ከእነዚህ እንዳይቆጠር ከጨዋታው ጋር ተያይዞ መኖር አለበት፤ ፊልሙ ስሞቹን ያስተዋውቅ፣ ጨዋታው ውኃውን ይቀበል። ፖኬሞንም የኖረው ሁለቱን ጎን ለጎን በማስኬድ ነው፤ በዚያ ግን የሚሸጠው አሻንጉሊት ነበር፣ በዚህ ውኃ ይሆናል።

ማን ይሥራው የሚለው ጥያቄ ሊታለፍ አይችልም። አኒሜ ውድ ሥራ ነው፤ በጁባ ደግሞ ለብዙው ሰው መብራት ማለት ጄነሬተር፣ ጄነሬተር ማለት ነዳጅ ነው። ቢሆንም ዛምቢያዊቷ ማሌንጋ ሙሌንዴማ የሉሳካ ልጃገረዶችን ጀግና ያደረገችበት «ሱፓ ቲም 4» በ2023 በኔትፍሊክስ ታይቷል፤ ከዚያ በፊት በ2016 የካሜሩኑ ኪሮኦ ጌምስ «ኦሪዮን» የተባለውን፣ ሥዕሉ ከአኒሜ የማይለይ ጨዋታ ከያውንዴ አውጥቷል። መንገዱ የተዘጋ አይደለም።

ጃፓንም ለጁባ እንግዳ አገር አይደለችም። በ2022 የተመረቀው በነጭ ዓባይ ላይ ያለው የነጻነት ድልድይ የተሠራው በጃፓን እርዳታ ነው። ከየክልሉ የሚመጡ ወጣቶች አብረው እያደሩ የሚወዳደሩበትን የብሔራዊ አንድነት ቀን የስፖርት በዓልም ከ2016 ጀምሮ ጃፓን ስትደግፈው ቆይታለች። በኖቬምበር 2019 ደግሞ ጥቂት የደቡብ ሱዳን አትሌቶች ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ለመዘጋጀት ማኤባሺ ወደምትባል የጃፓን ከተማ ሄዱ። ውድድሩ በወረርሽኙ ምክንያት አንድ ዓመት ሲገፋ ከተማዋ አልሸኘቻቸውም፤ ነዋሪው ገንዘብ እያዋጣ አቆያቸው። በ2021 ከእነርሱ አንዱ አብርሃም ጉዌም በቶኪዮ ስታዲየም የ1500 ሜትር ማጣሪያ ላይ ሲሰለፍ፣ የማኤባሺ ሰዎች ማለዳ ማለዳ በከተማቸው ሲሮጥ ያዩት የነበረውን ሰው በቴሌቪዥን ይመለከቱ ነበር። ከዚያች ከተማ ልጆች መካከል አንዱ አድጎ ሠዓሊ ቢሆን፣ የደቡብ ሱዳን ሯጭ ምን እንደሚመስል የሚነግረው ሰው አያስፈልገውም፤ ስሙንም ያውቀዋል።